ፐርፎርማንስ አርትና ያልተጠበቀችው ተመልካች

«ፐርፎርማንስ አርት» የሚለው ነገር በትምህርት ክፍላችን ኮሪደር ላይ ሲነሳ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማል። አንዱ «ያው ቲያትር አይደለም እንዴ?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሰውየው ዝም ብሎ ይቆማል፣ እኛ እናጨበጭባለን፤ አለቀ» ብሎ ይስቃል። ሁለተኛው የቀለደ ቢመስለውም ከመጀመሪያው ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባል። በዚህች ጽሑፍ ይህ የጥበብ ዘርፍ ምን እንደሆነ፣ በተለይ ደግሞ «አልተሳካም» የሚባለው መቼ እንደሆነ እንደ አቅሜ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ምክንያት አለኝ። ባለፈው ግንቦት ልደታ ውስጥ ብዙ የታሰበበት አንድ ሥራ ሲጎድል ዳር ቆሜ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ሥራው የተባለውና የተጻፈው ግን ከጉድለቱ በላይ አሳስቦኛል።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። በአማርኛ «የክዋኔ ጥበባት» ስንል ቲያትርን፣ ሙዚቃንና ውዝዋዜን አንድ ላይ መጥራታችን ነው። ፐርፎርማንስ አርት ግን የመጣው ከመድረክ ሳይሆን ከሠዓሊዎች ቤት ነው። ሸራው የጠበባቸው ሠዓሊዎች በገዛ ሰውነታቸው መሥራት ጀመሩ ብንል ብዙ አንሳሳትም። አሜሪካዊው አለን ካፕሮው እ.ኤ.አ. በ1959 ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ ጋለሪ ሰው ሰብስቦ፣ ተመልካቹ ከክፍል ወደ ክፍል እየተዘዋወረ የሚካፈልበት ሥራ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ ጃፓናዊቷ ዮኮ ኦኖ ኪዮቶ ከተማ ውስጥ መቀስ ፊቷ አስቀምጣ ቁጭ አለች፤ ተመልካቹ ተራ በተራ እየወጣ ልብሷን ቆረጠ። እሷ አንድ ቃል አልተናገረችም።

ከቲያትር የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። በቲያትር ተዋናዩ ይሞታል፣ መጋረጃ ሲዘጋ ተነስቶ ማኪያቶውን ይጠጣል። በፐርፎርማንስ ግን «እንደ» የሚባል ነገር የለም። ስድስት ሰዓት እቆማለሁ ያለ ሰው ስድስት ሰዓት ይቆማል፤ እግሩም የእውነት ያብጣል። የሚሠራበት ዕቃ ሰውነት፣ ጊዜ፣ ቦታና ተመልካች ነው። ታዲያ የሚረሳ ቃለ ተውኔት ከሌለ፣ የሚሳሳት ኖታ ከሌለ «ተበላሸ» የምንለው ምን ሲሆን ነው? ጥያቄው ቀላል አይደለም። ብዙ የዘርፉ ወዳጆች «ፐርፎርማንስ ውስጥ ስህተት የለም፣ የሆነው ሁሉ ሥራው ነው» ብለው ይዘጉታል። እኔ በበኩሌ ይህ መልስ ለአርቲስቱ ምቹ ትራስ ነው እላለሁ፤ ሁለት የታወቁ ሥራዎችም ይደግፉኛል።

የመጀመሪያው ታይዋን ተወልዶ ኒውዮርክ የኖረው የቴቺንግ ሲዬ ሥራ ነው። ይህ ሰው የፋብሪካ ሠራተኛ ሲገባና ሲወጣ ካርድ የሚመታበትን ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ተከለና ከሚያዝያ 1980 እስከ ሚያዝያ 1981 (እ.ኤ.አ.) ለአንድ ዓመት ሙሉ፣ ቀንም ሌሊትም፣ በየሰዓቱ ካርድ ለመምታት ቃል ገባ። በመታ ቁጥር አንድ ፎቶ ይነሳል። ሲጀምር ጸጉሩን ስለተላጨ በፎቶዎቹ ላይ ዓመቱ ሲያድግ በጸጉሩ ይታያል። ሂሳቡን ስትሠሩት 8,760 ጊዜ ነው። ሰውየው 133ቱን ስቷል። እንዴት አወቅን? ራሱ መዝግቦ ስላስቀመጠው ነዋ! 94ቱን እንቅልፍ ጥሎት፣ 29ኙን ዘግይቶ፣ 10ሩን ደግሞ ቀድሞ በመምታት። ይህ ዝርዝር የሥራው አካል ሆኖ አብሮ ይቀርባል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከቀሩት ስምንት ሺህ ከምናምን ካርዶች በላይ ያሳመነኝ ይኸው የጉድለት ዝርዝር ነው።

ሁለተኛው የዩጎዝላቪያ ተወላጇ የማሪና አብራሞቪች «ሪትም 5» ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ቤልግሬድ ውስጥ ትልቅ የእንጨት ኮከብ መሬት ላይ ሠርታ፣ ቤንዚን አርከፍክፋ ለኮሰችውና መካከሉ ገብታ ተኛች። ያላሰበችው ነገር እሳቱ በዙሪያዋ ያለውን ኦክስጅን እንደሚጨርሰው ነው። ራሷን ሳተች። ተመልካቹ መጀመሪያ አልገባውም፤ ዝም ማለቷን የሥራው አካል አድርጎ ወሰደው። በኋላ እሳቱ ሲቀርባት አለመንቀሳቀሷን ያዩ ሰዎች ገብተው ጎትተው አወጧት። እንደታሰበው ካየነው ሥራው ከሽፏል። እሷ ግን «ተመልካቹ አበላሸብኝ» አላለችም። ከዚያ በኋላ ራሷን ብትስትም ሥራው እንዴት እንደሚቀጥል ወደ ማሰብ ገባች።

እነዚህን ሁለቱን ያዙልኝና ወደ ልደታ እንሂድ።

ልደታ ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት ቤተ ክርስቲያኑና ፍርድ ቤቱ ነው፤ ትልልቆቹ ደግሞ የድሮውን አውሮፕላን ማረፊያ ይጨምሩበታል። ሥራው የቀረበው ከባቡር ጣቢያው በእግር ሰባት ስምንት ደቂቃ በሚያስኬድ፣ ቀድሞ ጋራዥ በነበረ ግቢ ውስጥ ነበር። የአርቲስቱንም የአዘጋጆቹንም ስም አልጠቅስም፤ ልጁ ጀማሪ ነው፣ ዓላማዬም እሱን ማሳጣት አይደለም። ሕፃናትን ሥዕል እያስተማረ ካገኘው ላይ የአራት ወር ገቢውን ለዚህ ሥራ አውሎታል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በር ላይ በተሰጠን አንድ ገጽ ወረቀት መሠረት ሥራው «ነገ ና» ይባላል። ስለ መጠበቅ ነው። በየቢሮው በር ላይ ስለሚያልፍ ዕድሜ። አርቲስቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ድረስ ይቆማል። ቀኝ እጁ በነጠላ ጫፍ ከአንድ ባዶ ወንበር ጋር ታስሯል። ወለሉ ላይ 12 ፋይሎች ተደርድረዋል። በየግማሽ ሰዓቱ አንዱን አንስቶ ይገልጣል፣ «ነገ ና» ይላል፣ መልሶ ያስቀምጣል። ከዚህ ውጪ አይናገርም፣ አይቀመጥም፣ አይበላም፣ አይጠጣም። ወረቀቱ የነጠላው እስር ከድሮው የቁራኛ ሥርዓት የተወሰደ መሆኑንም ያብራራል። በዚያ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ በልብሳቸው ጫፍ ይቆራኙ ነበርና። ሐሳቡ ግሩም ነው! ወረቀቱን ሳነብ ቀናሁበት ብል አላጋነንኩም።

በመጀመሪያው ሰዓት አርባ የምንሆን ሰዎች ነበርን። አብዛኛው የአርቲስቱ ጓደኛ ነው፤ ግማሹ ስልኩን አውጥቶ ይቀርፃል። ጸጥታው ራሱ ደስ ይል ነበር። 4 ሰዓት ተኩል ላይ ሦስተኛው ፋይል ሲነሳ ግን ሃያ እንኳ አንሞላም። ይህ አይገርመኝም፤ መጠበቅ አሰልቺ ነው፣ አሰልቺነቱም የሥራው ጉዳይ ነው።

ነገሩ የተለወጠው ከ5 ሰዓት በኋላ ነው። የግቢው በር ክፍት ስለነበር አንዲት እናት ገቡ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ይመስለኛል። ብብታቸው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ፋይል ይዘዋል። ከአንድ መሥሪያ ቤት እየተመለሱ እንደነበር በኋላ ነገሩን። ልጁን ቀና ብለው አዩና «ልጄ፣ ማንን ነው የምትጠብቀው?» አሉት። መልስ የለም። ከአዘጋጆቹ አንዷ ጠጋ ብላ «እማማ፣ አይናገርም» አለቻቸው።

«ውይ፣ አፍ የለውም?»

«አይደለም፣ እየሠራ ነው።»

«ምን እየሠራ?»

«እየጠበቀ።»

ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። ልጁን እንደገና ከላይ እስከ ታች አዩትና ደክሟቸው ስለነበር ባዶው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ለእሱ፣ ለእሱ ብቻ፣ ማውራት ጀመሩ። የቤት ጉዳይ ነው። ሰባተኛ ዓመታቸው ነው። የመጀመሪያው ሠራተኛ እንዲህ አላቸው፣ እሱ ተዛወረ፤ የሁለተኛው ፋይሉን አጣው። «እኔም እንዳንተው ነኝ» አሉት፤ «ግን ሰው ሲያናግረኝ እመልሳለሁ።»

ይህ ሁሉ ሲሆን የነጠላው ጫፍ እጁ ላይ ነው፣ ሌላው ጫፍ እሳቸው የተቀመጡበት ወንበር ላይ። አያችሁ ወይ? ቁራኛው ሞላ። ወረቀቱ ላይ በምሳሌ የተጻፈው ነገር ዓይናችን ፊት ሥጋ ለበሰ። ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ፤ አንገቱን ወደ እሳቸው ሰበር ሲያደርግ አይቻለሁ። ከወጡት ሰዎች አንዳንዶቹ ከበሩ ተመለሱ። ስልክ የያዘ ሁሉ ዝቅ አደረገው። ስምንት ደቂቃ ያህል (ማስታወሻዬ ላይ ከ5:14 እስከ 5:22 ይላል) ያየሁት ነገር በሕይወቴ ካየሁት የጥበብ ሥራ ሁሉ የሚበልጥ ነበር።

ከዚያ ሁለት አዘጋጆች መጡና በትሕትና «እማማ፣ ይቅርታ፣ ወንበሩ የሥራው አካል ነው» አሏቸው። ተነሱ። ነጠላቸውን አስተካከሉና «ይቅር በሉኝ ልጆቼ፣ ባዶ መስሎኝ ነው» ብለው ወጡ።

ልጁ አላስቆማቸውም። ወደ ፊት ማየቱን ቀጠለ። 5 ሰዓት ተኩል ላይ አምስተኛውን ፋይል አነሳ፣ «ነገ ና» አለ። ቃሉ አሁን የት እንደሚያርፍ አልታወቀም።

ከዚህ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። ስምንተኛው ፋይል በ7 ሰዓት በሥርዓቱ ተነሳ። ዘጠነኛው ግን በ7:20 ተነሳ። አሥረኛው በ7:35። አሥራ አንደኛውና አሥራ ሁለተኛው በአምስት ደቂቃ ልዩነት ተከታተሉና 7:50 ላይ ነጠላው ተፈታ። በ9 ሰዓት ማለቅ የነበረበት ሥራ ሰባ ደቂቃ ቀድሞ አለቀ። ስለ መጠበቅ የተሠራ ሥራ መጠበቅ አቃተው። የቀረነው አሥራ አንድ ሰዎች አጨበጨብን። ስለ ሰዓቱ ማንም ምንም አላለም።

ልጁን ለድካሙ አልወቅሰውም። ፀሐይ ነበር፣ ውኃ አልጠጣም፣ እግሩ ሲንቀጠቀጥ አይተናል። ሲዬም እኮ 133 ጊዜ ወድቋል። ልዩነቱ ሲዬ ውድቀቱን ጽፎ አንጠልጥሎታል፤ እዚህ ግን ድካሙ በፋይል ፍጥነት ተሸፈነ። ልጁ በስምንተኛው ፋይል ላይ ነጠላውን ፈትቶ «ከዚህ በላይ አልቻልኩም» ቢል ኖሮ፣ እኔ እስከማምን፣ ሥራው ይድን ነበር። ቢሮ በር ላይ የሚቆመው ሰው እንዲህ ማለት አይችልማ። ያ ልዩነት ራሱ ስንት ነገር ይናገር ነበር!

ከሥራው በኋላ ሻይ ተፈልቶ ውይይት ተደረገ። አርቲስቱ ከባዱን ጥያቄ ያለፈው በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «የኛ አገር ተመልካች ለዚህ ዓይነት ጥበብ ገና ዝግጁ አይደለም» አለ። ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን ይህን አባባል በደንብ መመርመር አለብን እላለሁ፤ ምክንያቱም ዘንድሮ የተፈጠረ አይደለም።

የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለውን «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» እንውሰድ። ጸሐፊው ሩሲያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ከፈረንሳዊው የላ ፎንቴን ተረቶች ተነስተው፣ አውሬዎችን እያናገሩ የዘመኑን አስተዳደር የሚነካ ሥራ ጻፉና በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ በ1913 ዓ.ም. አካባቢ፣ አዲስ አበባ ተራስ ሆቴል ውስጥ መኳንንቱ በተገኙበት አሳዩት። ያኔ ዘመናዊ ቲያትር አይቶ የሚያውቅ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። የዛሬው ክርክር እውነት ቢሆን ኖሮ ያ ታዳሚ ምንም ሳይገባው ስቆ መበተን ነበረበት። የሆነው ግን ተውኔቱ መታገዱ ነው! ንግሥቲቱ እስኪያርፉ እስከ 1922 ዓ.ም. ድረስም የአማርኛ ቲያትር ወደ መድረክ አልተመለሰም። ስላልገባቸው አላገዱትም፤ በደንብ ስለገባቸው እንጂ። ዝግጁ ያልሆነ ተመልካች እንዲህ አይደነግጥም።

የልደታውም ጉዳይ ከዚህ ብዙ አይርቅም። አርቲስቱ ራሱ የጠቀሰውን ቁራኛ ተመልከቱ። በበላ ልበልሃ ሙግት ዘመን ሁለት የተጣሉ ሰዎች መንገደኛውን አስቁመው «ዳኘን» ማለት ይችሉ ነበር። ተከራካሪው በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ እየተወራረደ፣ በግጥምና በአካሉ እንቅስቃሴ ጭምር ይሟገታል፤ የቆመው ሰው ደግሞ ዝም ብሎ የሚያይ ሳይሆን ዳኛ ነው፣ ይናገራል፣ ይፈርዳል። ስለዚህ ቁራኛን አምጥቶ መንገደኛውን «አትናገር፣ አትንካ» ማለት ግማሹን ወስዶ ግማሹን መተው ነው። እናትየዋ ገብተው ያደረጉት የቁራኛው ሥርዓት የሚጠይቀውን ነው። ወረቀቱን አላነበቡም፤ ከሁላችን በላይ ግን የገባቸው እሳቸው ነበሩ። (እዚያው ሰፈር ከሳምንት በፊት ግንቦት 1፣ የልደታ ዕለት፣ ሴቶች ደጅ ላይ ንፍሮ ቀቅለው አላፊ አግዳሚውን «ቅመሱ» ሲሉ ውለዋል። በዚያ መንገድ ላይ ተመልካች የሚባል ሰው የለም፤ ያለፈ ሁሉ ይቀምሳል።)

በአብራሞቪች ሥራ ላይ ተመልካቹ እሳቱ ውስጥ ገብቶ ነፍስ አወጣ። ልደታ ላይም ተመልካች ገባ፤ አስነሳነው። እኔ የሥራው ውድቀት ሰባ ደቂቃው ነው አልልም። ውድቀቱ 5:22 ላይ ነው።

አሁን ወደ እኛ ሙያ ልምጣ፤ ይህን ለዚህ መጽሔት የጻፍኩትም ለዚሁ ነው። ከውይይቱ በኋላ አርቲስቱ ጋዜጠኝነት እንደምማር ሲሰማ ጠጋ አለኝና «ዘርፉ ገና ለጋ ነው፣ እባክሽ እንዳትጎጂን» አለኝ። ልመናው አንጀት ይበላል። በሳምንቱ ስለ ዝግጅቱ የወጣችውን አጭር ዜና አነበብኩ። ዜናዋ «ለስድስት ሰዓታት የቆየው ሥራ በርካታ ታዳሚዎች በተገኙበት በደማቅ ሁኔታ ቀረበ» ትላለች። ጸሐፊው ግቢው ውስጥ አልነበረም፤ የበሩን ወረቀት ይዞ ነው የጻፈው። ይህን የምናውቀው ልማድ ነው። የኪነ ጥበብ ዘገባችን በአብዛኛው የግብዣ ካርድ ቅጂ ነው፤ ምረቃው ሁሉ ደማቅ፣ ታዳሚው ሁሉ በርካታ። የስፖርት ዘጋቢ 3 ለ 0 የተሸነፈ ቡድን «በደማቅ ሁኔታ ተጫወተ» ብሎ ቢጽፍ ምን ትሉታላችሁ?

ለጋ ዘርፍን በዝምታ ማሳደግ ይቻላል የሚሉ አሉ፤ ከመምህራኖቻችን መካከልም አሉ፣ አከብራቸዋለሁ። ግን ልጁ የአራት ወር ገቢውን አውጥቶ ያገኘው ምንድነው? የጓደኛ ጭብጨባና የተሳሳተ ሰዓት የያዘች ዜና። ስለዚያች ስምንት ደቂቃ የነገረው ሰው የለም። እኔ ነገርኩት። በስልክ ደውዬ፣ ማስታወሻዬን አንብቤ፣ የፋይሎቹንም ሰዓት ሳልደብቅ ነገርኩት። መጀመሪያ ዝም አለ፤ ቀጥሎ ስለ ሰዓቱ «ሰው ይቆጥራል ብዬ አላሰብኩም» አለኝ። ስለ እናትየዋ ስጠይቀው ግን ድምፁ ተለወጠ። እሱም አስተውሏቸዋል። ሊመልስላቸው ፈልጎ እንደነበር፣ አንድ ቃል ቢናገር ግን የሦስት ወር ልምምዱ ገደል የሚገባ መስሎት እንደነበር ነገረኝ። እሳቸውን መልሶ ሊያገኛቸው ቢፈልግ የት እንደሚሄድ አያውቅም፤ ስማቸውን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ቪዲዮው ተቀናብሮ አልቋል፣ ለውጭ ፌስቲቫል ሊልከው ነው። አሳየኝ። ርዝመቱ ዘጠኝ ደቂቃ ነው። ነጠላው አለ፣ ባዶው ወንበር አለ፣ አሥራ ሁለቱም ፋይሎች በእኩል ርቀት ተቆርጠው ገብተዋል። እናትየዋ የሉም። ለምን እንዳወጣቸው ጠየቅኩት።

«ድምፁ ጥሩ አይደለም» አለኝ። «ጥሬው ግን አለ፣ አልጠፋም።»